ውሃ አትበለው

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህን የማወራውን ወስዶ አዮ መይሙና ጆሮ ያደረሰ ሰው ከኔ ጋር ጉዳይ አለው። ወላሂ ቀልድ አይደለም። ጃዕፈር እባላለሁ፤ ቺሮ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። ምላሴ ረጅም፣ ንዴቴ ቅርብ እንደሆነ አገር ያውቃል። «አፉ ልጓም የለውም» ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች ናቸው ዛሬ ደርሰው «ምነው ዝም አልክ?» የሚሉኝ። ኧረ ተዉኝ! ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ መሰላቸው። ለእናንተ የምነግራችሁ ሆዴ ስለሞላ ነው፤ የሞላ ነገር ደግሞ የሆነ ቦታ ካልፈሰሰ ይፈነዳል።

አዮ መይሙና ጎረቤቴ ናቸው። «አዮ» የምላቸው እንደ እናቴ ስለማያቸው ነው፤ እኛ ሰፈር ትልቅ ሴት እንዲያ ነው የምትጠራው። ባላቸው ዓሊዩ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በፔዦ 404 ጫት ወደ ድሬዳዋ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነበር። ኋላዋ ረጅም የሆነችው፣ ወንበሯ ሲታጠፍ አልጋ የምትሆነው ዓይነት ፔዦ ናት። ጫት ደግሞ ሰው አይደለም፣ አይጠብቅም፤ ከረፈደበት የፍየል ቀለብ ነው። ዓሊዩ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። እሱ ሲሞት መሪውን ልጁ ሙከሚል ያዘ። አዳዲስ ፒክአፖች መጥተው ፔዦዎቹን ከመንገድ ሲያስወጧቸው ግን ልጁ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር አቆማትና እንደ እኩዮቹ በታህሪብ፣ በደላላ መንገድ ተደብቆ፣ ወጣ። በጅቡቲ አድርጎ፣ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ይኸው ነው የእኛ አገር ወጣት መንገድ፤ የሄደውን እንጂ የተመለሰውን አይቆጥርም።

መጀመሪያ አካባቢ ይደውል ነበር። ኋላ ስልኩ ጠፋ። አዮ መይሙና የሰፈሩን ሰው ሁሉ «ስለ ልጄ የሰማችሁት አለ?» ሲሉ ከረሙና ቀስ በቀስ መጠየቅም ተዉ። እናት መጠየቅ ስትተው በጣም ያስፈራል።

አንድ ቀን ጠዋት ጋራዥ እየሮጡ ገቡ። ያን ዕድሜ ይዘው ሲሮጡ ሳይ ሰው የሞተ መስሎኝ መፍቻውን ጣልኩት።

«ጃዕፈር! ሙከሚል መጣ!»

«የት? ቤት?»

«ጅቡቲ! ደወለልኝ፣ በገዛ ድምፁ! ታሟል። የመን ላይ አግተውት፣ ደብድበውት... ተወው። ኃይለሚካኤል የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አሳፍሮት ይመጣል። ግን መኪናው በሚኤሶ አድርጎ ወደ አዋሽ ነው የሚያልፈው እንጂ እኛ ጋ አይወጣም። ጁምዓ ሚኤሶ ላይ ያወርደዋል። ፔዦዋን አስነሳልኝ።»

«አዮ፣ ፔዦዋ እኮ ከቆመች ዘመኗ! ሚኒባስ እንፈልግ።»

«ሚኒባሱ ሁሉ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ተገትሯል። ቢገኝስ? ልጄ መቀመጥ አይችልም አሉኝ እኮ። በፔዦዋ ኋላ ይተኛል። ራሱ ነው ‹አዮ፣ በፔዦዋ ውሰዱኝ› ያለኝ።»

ምን ትላላችሁ? ሥራዬን ትቼ፣ ዕቃዬን ተሸክሜ ተከተልኳቸው።

ቆርቆሮው ስር ስገባ ገረመኝ። የቆመ መኪና አይቼ አውቃለሁ፤ ዶሮ የምትፈለፍልበት፣ ሸረሪት ያደራበት። ይቺ ግን አቧራ እንኳ የላትም! አዮ መይሙና በየቀኑ ሲወለውሏት ኖረዋል። መስታወቷ ያበራል። ጎማዎቹ ብቻ መሬት ላይ ተኝተዋል። ከላይ ሙሽራ ናት፤ ውስጧን ደግሞ አላህ ይወቅ አልኩ።

የራሴን ባትሪ አሰርኩላት። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዞረ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሞተሯ ተነሳ! አዮ መይሙና እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ ሞተሯ ጠፋ። ደግሜ አስነሳሁት። ይንተባተባል፤ ነዳጅ ስሰጠው ይታፈናል፤ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ በኩል ጧ! ጧ! እያለ ይተፋል፤ ከዚያ ድርግም። የቆመ መኪና ጠባዩ ይኸው ነው፤ መነሳት ሌላ፣ መሄድ ሌላ።

በእሳቱ ጀመርኩ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ ጥላሸት ናቸው። ጠረግኳቸው። እሳቱን የሚቆራርጠውን ፑንቲና በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። እሳቱ ጠንከር አለ፤ መንተባተቡ ግን እንዳለ ነው። እሳቱን የሚያጠነክረው ቦቢና ነው አልኩና ቀየርኩት። ያው ናት። ያን ቦቢና የሠራውንም የሸጠውንም ሰድቤ አልጠግብ አልኩ፤ ለካ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ላይ ነኝ። ካርቡራተሩን ስከፍተው የደረቀ ቤንዚን እንደ ሙጫ ግጥም ብሎበታል። በየቀዳዳው ሽቦ እየሰደድኩ ጠረግኩት፣ በአየር ነፋሁት። ገጠምኩት። ትንሽ ተሻላት፤ ዳነች ብዬ ጫቴን ልቀነጥስ ስል መልሳ ታነቀች።

በመጨረሻ ከስሯ ገብቼ የታንኩን ማፍሰሻ ፈታሁት። መጀመሪያ የወጣው ቤንዚን አይደለም። ውሃ ነው! የዛገ፣ ቡና የመሰለ ውሃ፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው የቤንዚን ሽታ የመጣው።

«አዮ!» ብዬ ጮህኩ፣ ገና ከመኪናዋ ስር ሳልወጣ። «ታንኩ ውስጥ ውሃ አለ!»

«ውሃ?»

«ውሃ! ውሃ የጨመረባት ሰው አለ?»

«ወላሂ ጠብታ ውሃ አልተጨመረባትም! ማን ይጨምርባታል? እዚህ ግቢ ከኔ ሌላ ማን አለ?»

አዮ መይሙና በሐሰት አይምሉም። አምላክን ለጠሩበት ነገር አንገታቸውን ይሰጣሉ። ስለዚህ ዝናብ ነው አልኩ። የታንኩ ክዳን ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በዚያ ነው የገባው አልኩ። ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጬ አዲስ ሠራሁለት። ታንኩን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ቱቦውን ነፋሁ፣ ነጭ ፕላስቲክ ፊልትሮ ገጠምኩበት። እየሠራሁም ለአዮ አስተማርኳቸው፤ አፌ መቼ ዝም ይላል!

«ውሃና ቤንዚን ጣውንቶች ናቸው፣ አዮ። አንድ ቤት ያድራሉ እንጂ አይስማሙም። ውሃ ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። ቀኑን ጠብቆ በቱቦ የወጣ ቀን መኪና ገድሎ ይጥላል።»

«እውነትህን ነው» አሉኝ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ውሃ መጥፎ ነው። እጅህ ይባረክ፣ ልጄ።»

ንጹሕ ቤንዚን ከማውቀው ሰው ለምኜ ጨመርኩላት። ቁልፉን ሳዞረው ተነሳች፤ በቃ፣ ስፌት መኪና! እስከ ከተማው መውጫ ነድቻት ተመለስኩ፤ አንዴም አልሳለችም። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት። ለሚስቴ ለሰልዋ «ሬሳ አስነሳሁ» ብያት ነበር። ምነው አፌ በተቆረጠ።

ጁምዓ ጠዋት ስሄድ አዮ መይሙና ቀድመውኝ መኪናዋ ውስጥ ገብተዋል። ኋላ ፍራሽ ዘርግተዋል፣ ትራስ አድርገዋል፣ ለበዓል የሚለብሱትን ለብሰዋል። እግራቸው ስር ዘንቢል አለ። ቢስሚላህ ብለን ቁልቁል ወረድን። ፔዦዋ እንደ ድሮዋ ሄደች። አዮ በመንገድ ሁሉ ምን እንደሚያበሉት፣ የት እንደሚያስተኙት፣ ማንን እንደሚድሩለት ሲነግሩኝ ነበር። እኔም «የሰርጉ መኪና ይቺው ናት!» እያልኩ አሳቅኳቸው። ሳቁ። ያ ሳቃቸው አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ውጣ ብለው አልወጣ ብሎኛል።

ሚኤሶ ላይ ሙቀቱ ፊት ይልጣል። ዝናብ ቀርቶ ማሽላው ቆሞ ደርቋል። ከባድ መኪኖቹ መንገድ ዳር ተደርድረዋል፤ ኃይለሚካኤልን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ልጁን በመኪናው ጥላ ስር ካርቶን ላይ አስተኝቶታል። አዮን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«እናቴ፣ እስከዚህ በማንኪያ እያጠጣሁ አመጣሁት። ከዚህ በኋላ የእግዜር ነው፣ ፍጠኑ» አላቸው።

ሙከሚልን አየሁት። ያ በር የማያሳልፈው ትከሻ የት ሄደ? ሳነሳው ባዶ ጆንያ ያነሳሁ ያህል ቀለለኝ። ሆዱ ብቻ ተነፍቷል፤ ገላው ደግሞ እሳት ነው። አዮ መይሙና አላለቀሱም። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ብቻ አሉ። እኔ ነኝ የኃይለሚካኤል ጎማ ጀርባ ሄጄ ያለቀስኩት።

እዚያው ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሣህሊቱ የምትባል ነርስ ናት ያየችው፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። እጇ ፈጣን ነው። ጉሉኮስ ሰካችለትና እኔን ወደ ጎን ጠራችኝ።

«ሆዱ ውስጥ የቆየ ቁስል አመርቅዟል፣ ደሙም የተመረዘ ይመስለኛል። እዚህ የምንችለው ነገር አይደለም። አምቡላንሳችን ወላድ ይዞ ወጥቷል። መኪና ካላችሁ አሁኑኑ ቺሮ ሆስፒታል አድርሱት። መንገድ ላይ እንዳትቆሙ፣ በናታችሁ።»

«አንቆምም» አልኳት፤ አፌን ሞልቼ። «ሞተሩ የኔ እጅ ሥራ ነው።»

ፔዦዋ ኋላ አስተኛነው። ጉሉኮሱን መስኮቱ በላይ ካለው መያዣ ላይ አንጠለጠልን። አዮ አጠገቡ ተጨምቀው ተቀመጡ፣ ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሞተሩን ሳስነሳ ሙከሚል ዓይኑን ገለጠ።

«ተነሳች?» አለ።

«በአንድ ቁልፍ!»

«አንተ ነህ? ያ ለፍላፊ!» አለና ከንፈሩ ፈገግ አለ። የሾፌር ልጅ ሾፌር ነው፤ እንዲያ ሆኖ እንኳ የሚያዳምጠው ሞተሩን ነበር።

ሜዳው ላይ ደህና ሄድን። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ አንዴ ደንቀፍ አለው። ጉድጓድ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሁለተኛ ደንቀፍ ሲለው ከኋላ የሙከሚል ድምፅ መጣ፤ «ጃዕፈር... እየሳለች ነው።» ማርሽ ቀነስኩ። ጧ! አለች። ተንተባተበች። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ታፍና ቆመች።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ነጩን ፊልትሮ አየሁት፤ በቤንዚኑ ስር ውሃ ተኝቷል። አላመንኩም። የካርቡራተሩን ጽዋ ፈትቼ መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። ቤንዚን መዳፍ ላይ ወዲያው ይተናል፣ ይቀዘቅዛል። ይሄ አይተንም። ውሃ ነው! ያን ሁሉ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ክዳን ሠርቼ!

ከዚያ የሰደብኩትን አትጠይቁኝ። ቤንዚን የሰጠኝን ሰው ሰደብኩ፣ ያመጣለትን ሰደብኩ፣ ክዳኑን ሰደብኩ፣ የገዛ እጄን ሰደብኩ። አዮ መይሙና የልጃቸውን ራስ ትራስ ላይ አድርገው ከዘንቢላቸው ሃይላንድ አውጥተው ወረዱ። ግማሽ ድረስ የሞላ ጠርሙስ ነው።

«አትሳደብ፣ ጃዕፈር። በጁምዓ ምድር አትሳደብ። ቆይ፣ እኔ አለሁላት። ዛሬ ጠዋት አንተ ሳትመጣ አንድ ሙሉ ሃይላንድ ሰጥቻት ነበር፣ አልበቃት ብሎ ይሆናል። ሩቅ መንገድ ነዋ!» ብለው ወደ ታንኩ አፍ ሄዱ።

«ምን? ምንድን ነው የሰጧት?» ተከተልኳቸው። ክዳኑን ይዘው እየፈቱ ነው፤ እኔ ጥብቅ አድርጌ የሠራሁትን ክዳን።

«ድርሻዋን ነዋ።»

«አዮ፣ ውሃ ነው እንዴ የጨመሩባት?!»

ዞር ብለው አዩኝ። ተቆጥተዋል።

«ውሃ አትበለው! ዘምዘም ነው። ልጄ ከወጣ ጀምሮ አንድ ጁምዓ አላስቀረሁባትም። በሲኒ እየለካሁ፣ ከቁርአን ያሲንን እየቀራሁበት። ሐጅ የሄደ ሁሉ ያመጣልኛል፤ ሲያንስ ከቧንቧው እጨምርበታለሁ፣ በረካው መቼ ይቀንሳል! ‹አንቺ ሳትታመሚ ጠብቂው፣ ባለቤትሽ ይመጣል› እላታለሁ። ይኸው አልመጣም? አንተም ታውቃለህ፣ ስንት ዘመን ቆማ በአንድ ቀን የተነሳችው በምን መሰለህ?»

አሁን ገባኝ። ቁልቁል ስንወርድ ውሃው በታንኩ ፊት በኩል ተኝቶ ነበር፤ ዳገት ስንይዝ ወደ ኋላ፣ ቱቦው ወዳለበት ሸሸ። ያን ቀንም «ጠብታ ውሃ አልተጨመረባትም» ብለው ሲምሉ አልዋሹም። ዘምዘምን ማን ውሃ ይለዋል? እኔ ነኝ ደንቆሮው፤ ስለ ውሃ ጠየቅኩ፣ ስለ ውሃ መለሱልኝ። ዘምዘሙ ላይ ደግሞ አንዳች ቅሬታ የለኝም፣ አስተግፊሩላህ። ብረት ግን ሃይማኖት የለውም፤ ከመካ ይምጣ ከቧንቧ፣ ለብረት ሁሉም ያው ነው።

ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ? «ልጅዎን በገዛ እጅዎ ገደሉት!» የሚል ነበር። ወላሂ፣ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። አፌን ከፍቼ የአንድ እርምጃ ያህል ተጠግቻቸዋለሁ። የዚያን ጊዜ ከመስኮቱ ውስጥ የሙከሚል እጅ ወጣ። ሸሚዜን ያዘኝ። ጎንበስ አልኩ። ሁሉንም ሰምቷል፤ ሾፌር አይደል፣ ምን እንደሆነም ገብቶታል።

«ኢሼቲ ሂን ሂሚን» አለኝ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ። አትንገራት።

አፌን ዘጋሁት። በዕድሜዬ እንዲያ የከበደ ነገር ዘግቼ አላውቅም። ቀና ብዬ የአዮን እጅ ያዝኩ፣ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና እንዲህ አልኳቸው።

«አዮ፣ እሷ ጠጥታለች፣ ይበቃታል። ይሄን ለሙከሚል ያጠጡት። ለሰው ይሻላል።»

«እውነትህን ነው» አሉና ወደ ልጃቸው ገቡ። በጠርሙሱ ክዳን እየቀዱ፣ ቢስሚላህ እያሉ ከንፈሩን አራሱለት። ጠጣ። እየተመለከተኝ ነበር የጠጣው።

እኔ ከስር ገባሁ። አፈሰስኩ፤ ውሃው ሲሄድ ቤንዚኑን በጄሪካን ያዝኩት። ፊልትሮውን አራገፍኩ፣ ካርቡራተሩን ፈታሁ፣ ቱቦውን በአፌ ሳብኩ፤ ቤንዚኑ ጉሮሮዬን አቃጠለው። መኪና ሲያልፍ እየተነሳሁ እጄን ዘረጋሁ። አንድ አይሱዙ አለፈን፣ አንድ ፒክአፕ አለፈን። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ መንገድ ዛሬ ለማያውቀው ሰው የሚቆም የለም፣ ሁሉም ለነፍሱ ይፈራል። ግን ረግሜአቸዋለሁ፤ እሱንም አልደብቅም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አዮ በሻሻቸው ለልጃቸው ጥላ ሠርተው ቁርአን ይቀራሉ። እኔ ስቸኩል መፍቻው ከእጄ ይወድቃል፣ አነሳዋለሁ፣ ይወድቃል። «የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚሉት እውነት ነው።

ገጠምኩ። ቤንዚኑን መልሼ ጨመርኩባት። ሞተሪኖው አቅም አጥቶ ጠጥ ጠጥ ብሎ ቀረ። ባትሪው አልቋል። የኋላ ማርሽ አስገባሁና ቁልቁል ወደ ኋላ ለቀቅኳት፤ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሳች፣ ጠፋች። እንደገና ለቀቅኳት። ከወጣነው ዳገት ስንቱን መልሼ ወረድኩት! በመጨረሻ ያዘች። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳላነሳ፣ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያልኩ ወጣሁ። እየተንገጫገጨች፣ እየሳለች፣ ግን ሄደች።

የቺሮ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሲታዩ «ደረስን፣ አዮ!» ብዬ ጮህኩ።

«መስኮቱን ዝጋልኝ፣ ጃዕፈር» አሉኝ። «ልጄ ቀዘቀዘብኝ።»

በዚያ ሙቀት ዘጋሁላቸው። ዞሬ አላየሁም። ማየት አላስፈለገኝም። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ግን ፍጥነት አልቀነስኩም፤ ለማን እንደምፈጥን እኔም አላውቅም።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ነካካው፣ ዓይኑን ገልጦ አየ፣ ጆሮው ላይ የሰካውን አወረደ። «ምናልባት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ምን አለ ባይጀምረው! በጥፊ ላጋየው ፈልጌ ነበር። አዮ መይሙና ሰምተዋል። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። የልጃቸውን ዓይን ከደኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ጃዕፈር። ምን ሆና ነው የቆመችብን?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ሐኪሙ፣ ዘበኛው፣ ወሬ ሰምተው የደረሱት ዘመዶቻቸው፣ ወንድማቸው መስዑድ። ዓይናቸውን አየሁት። እውነቱን ብነግራቸው እኒያ ሴት ሌላ ቀን የሚያዩ አይመስለኝም ነበር።

«ካርቡራተሩ ነው፣ አዮ» አልኩ። «በደንብ አልጠረግኩትም።»

«አልጠረግከውም?»

«ቸኩዬ ነው።»

«ልጄን ልናመጣበት መሆኑን እያወቅክ?»

«አዎ።»

ይምቱኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝ በተሻለኝ።

«አላህ ይይልኝ» አሉኝ።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቀበርነው። ቀበርነው እላለሁ እንጂ እኔ አልቀበርኩትም። ጀናዛውን ልሸከም ትከሻዬን ስሰጥ መስዑድ እጄን ከቃሬዛው ላይ አነሳው። «አንተ ተው» አለኝ። አልጮኸም። ተውኩ። ከሰው ኋላ ብቻዬን ሄድኩ፣ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ዱዓ አደረግኩ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰምታችኋል። «ጃዕፈር ጫቱን ሲቅም የሰው ልጅ ገደለ።» «ፈላስፋ ነኝ ባይ፣ ካርቡራተር መጥረግ አቃተው።» ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ ገብሬ ጋራዥ ሄዱ። በመንገድ አዮ መይሙናን ሳገኝ «አሰላሙ ዓለይኩም» እላለሁ፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው ያልፋሉ። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። የገበያው ወሬ ገደል ይግባ! እኒህ ሴት ግን እናቴ ነበሩ።

ችዬ ከረምኩ። አንድ ቀን ሰልዋ «ሕዝቡ የሚለው እውነት ነው ወይ?» ብላ አፍጥጣ ጠየቀችኝ። የገዛ ሚስቴ! አልቻልኩም፣ ዘረገፍኩላት። ሰምታ ስትጨርስ አበደች።

«እና አንተ ምን ቤት ነህ? የሠራችው እሷ፣ የምትረገመው አንተ? ልጆችህ በነፍሰ ገዳይ ልጅነት ይጠሩ?»

«ሆድ ይፍጀው በይ፣ ሰልዋ።»

«የኔ ሆድ አይፈጀውም! አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ። ትወቀው!»

ሻሿን ጠቅልላ ወጣች። አልከለከልኳትም። ልዋሻችሁ? ተነስቼ በሩ ላይ ቆሜ ትንገርልኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። የሙከሚል እጅ ሸሚዜን እንደያዘ እየተሰማኝ፣ ትንገርልኝ ብያለሁ። ነገ አዮ ደጄ መጥተው «ልጄ፣ አጥፍቼብሃለሁ» ሲሉኝ አየሁት፤ ገበያው መሀል ቀና ብዬ ስሄድ አየሁት። ሰው ነኝ፤ ስሜ ናፈቀኝ።

ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ አብጧል፣ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ነገርሻቸው?»

ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች።

«ስገባ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ» አለች። «‹እኔ እኮ በበኩሌ ያጎደልኩበት የለም፣ ሰልዋ› አለችኝ። ‹ዘምዘሙን አንድ ጁምዓ አላስቀረሁበትም። በዚያ ነው የምተኛው። በዚያ ነው እህል የሚወርድልኝ› አለችኝ።»

«እና? ነገርሻቸው ወይ?»

«ነገርኳት።»

«ምን ብለሽ?»

«‹እውነትሽን ነው፣ አዮ› አልኳት። ‹ካርቡራተሩን ሳይጠርገው ቀርቶ ነው። ባሌ ድሮም ግድ የለሽ ነው› አልኳት።»